ከቶሮንቶ እስከ ዳባት፣ በታጠበ እግር

ሐሙስ ንጋት፣ ቶሮንቶ

አጎቴ መሪጌታ ፍሬስብሐት ከእኔ ቀድመው ተነስተዋል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ውጭው በረዶ ነው።

"ቶሎ በይ ልጄ፣ መኪናው ይሞላብናል።"

መኪናው የልጃቸው የማርታ ነው፤ ከሦስታችን በቀር የሚሳፈርበት የለም። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከዳባት መናኸሪያ ለተሳፈሩ ሰው ይህን ማስረዳት አልሞከርሁም።

ለማታውቁን፣ እኔ ደባርቅ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ፤ ሰሜን ተራራ የሚወጡ ሰዎችን አሳድራለሁ። የኔታ (ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚላቸው፣ እኔም) ከዳባት ወጣ ብላ ባለች የማርያም ደብር መሪጌታ ናቸው። ሥራቸው መቆም ነው፤ ማኅሌት ቆመው ያድራሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ጓደኞቻቸው ሲያሸበሽቡ እሳቸው ጥግ ተቀምጠው እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ማርታ አስመጥታ አሳከመቻቸው፤ እኔ አስታማሚ ሆኜ አምስት ወር ቆየሁ። አሁን ይቆማሉ። ኅዳር ጽዮን ደግሞ የፊታችን ሰኞ ናት።

የሐኪሙ ትእዛዝ አንድ ነው፦ አውሮፕላኑ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይተኙ። ካልተኙ እግሩ ያብጣል፤ ካበጠ ወር ሙሉ መቆም የለም። ማርታ ለሁለታችንም ቢዝነስ ክላስ የቆረጠችልን ለዚህ ነው እንጂ ለምቾት አይደለም። እኔ ግን ምቾቱንም አልጠላሁት፣ ምን አስዋሸኝ።

ሐሙስ ረፋድ፣ ከመጋረጃው ወዲህ

ወንበሩ ለብቻው የታጠረ ክፍል ነው በሉት። ቁልፍ ሲጫኑት ይዘረጋና አልጋ ይሆናል። ትራስ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ካልሲ እንኳ አለ። ሰናይት የምትባል አስተናጋጅ የየኔታን መቋሚያ ተቀብላ ከፈረንጆቹ ካፖርት ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። የኔታ ዓይናቸውን ከቁም ሣጥኑ አልነቀሉም።

ከዚያ እንፋሎቱ የሚጨስ ትንሽ ነጭ ፎጣ በመቆንጠጫ ይዛ መጣች። አጠገባችን ያለው ፈረንጅ ፊቱን ጠረገበት።

"ተመስገን፣ ሥርዓት ያውቃሉ" አሉ የኔታ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ፣ ካልሲያቸውን አወለቁና በፎጣው እግራቸውን ጣት በጣት መጥረግ ጀመሩ።

ፈረንጁ ዓይኑን አፈጠጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ፤ መሬቱም ሩቅ ነበር።

"የኔታ፣ የፊት ነው እኮ" አልኋቸው በሹክሹክታ።

"መንገደኛ ፊቱን ምን ሆነ? የደከመው እግር ነው።"

በእኛ አገር እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል፣ ከዚያ ይበላል፣ ከዚያ ይነጠፍለታል። ግን ቀና ሲሉ የፈረንጁን ፊት አዩት። ፎጣውን አጣጥፈው አስቀመጡ፤ ጫማቸውን አጠለቁና ወደ ወንበሩ ጥግ ተሰበሰቡ። እንዲህ ሲሰበሰቡ አውቃቸዋለሁ፤ በበዓል ጥግ የሚቀመጡ ጊዜ ነው።

እኩለ ቀን፣ ውቅያኖስ ላይ

አልተኛም አሉ። ምግብም አልነኩም። መቋሚያቸውን አስመልሰው መተላለፊያው ላይ ተደግፈው ቆሙ።

"ሴቶቹ ቆመው እያገለገሉ፣ ሰው እያየኝ ልጋደም?"

"ሁሉም ተኝቷል እኮ፣ ፈረንጁን አያዩትም?"

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።"

ሦስት ሰዓት ቆሙ። ሲቀመጡ ጫማቸው አልወልቅ አለ፤ ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ሊጥ ተነፍቷል። ተናደድሁ፣ ፈራሁም።

"የኔታ፣ ሰኞን ያስቡ እንጂ!"

"ሰኞን እመቤቴ ታውቃለች" ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሄጄ ለሰናይት ሁሉንም ነገርኋት፤ ፎጣውን፣ ዳሌውን፣ ሰኞን። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ ጋይንት" አለችኝ። "ለእኔ ተይው።"

ተመልሳ ስትመጣ የያዘችው ሻምፓኝ የሚቀዘቅዝበትን ባልዲ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ሞልታዋለች። ፎጣ ክንዷ ላይ ጥላ የኔታ እግር ሥር ተንበረከከች።

"የኔታ፣ ይቅር ይበሉን። ቤታችን ገብተው እግርዎን ሳናጥብዎ ቀረን።"

"ኧረ ተይ ልጄ፣ ኧረ በማርያም!"

"በማርያም ካሉማ ይስጡኝ።"

እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ፣ በአራተኛው እግራቸውን ሰጧት። ቀስ አድርጋ ጫማውን አወለቀች፣ አጠበች፣ አደረቀች፣ ጉልበታቸውን ሳመች። መረቋት፤ ምርቃቱ ረጅም ስለነበር ፈረንጁም ጎንበስ ብሎ ጠበቀ።

ከዚያ የጾም ምግብ አመጣች፤ ሩዝና ምስር። ሰዓታቸው የዳባትን እንደያዘ ነው፣ እዚያ መሽቷልና ሳይጨነቁ በሉ። ቀጥላ አልጋውን ዘረጋችና "የኔታ፣ ተነጥፏል" አለች።

የታጠበ እንግዳ የባለቤቱ ነው፤ የት እንደሚተኛ አይከራከርም። የኔታ ተጋደሙ፤ እግራቸውን ዘረጉ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። አዲስ አበባ እስክንደርስ አልነቁም። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ አለቀስሁ። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነኝ እያልሁ፣ ይህ ነገር እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?

ዓርብ፣ ከጎንደር ወደ ዳባት

አውሮፕላን ቀይረን ከሰዓት ጎንደር ገባን። እብጠቱ ጎድሏል፤ አላለቀም። ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ሾፌሩ የኋላውን ወንበር ለቆላቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው እንዲቀመጡ ከጎን ጆንያ አደላደለላቸው።

አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ግራና ቀኙ አጨዳ ነው። የገብስ ክምር፣ አቧራ፣ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች።

"የኔታ፣ ይኼ ቢዝነስ የሚሉት ምን ይመስላል?" አለ ሾፌሩ።

"እንደዚህ ነው፤ ግን አይነጥርም።"

ዳባት ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታቸውን ሞልቶ ጠበቀን። ሰማይ ላይ ምን አዩ፣ ምን ሰጡዎት፣ ይላቸዋል። ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ሻምፓኙ ሊያወሩ ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምሁ።

"እግሬን አጠቡኝ፣ አበሉኝ፣ አስተኙኝ" አሉ የኔታ።

ሰዉ "ደግ አደረጉ" አለ። ማንም አልተገረመም።

ሰኞ ንጋት፣ ማርያም

ቅዳሜና እሑድ ደባርቅ ሆኜ አልደወልሁም፤ ፈርቼ። ዛሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወርጄ ከሴቶች በኩል ባለው በር ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ያሸበሽባሉ። አስቀድሜ ያየሁት ያንን ጥግ ነው። ማንም አልተቀመጠበትም።

የኔታ መሐል ቆመዋል። ሌሊቱን ሙሉ አልተቀመጡም አለችኝ አጠገቤ ያለች ሴት። ጫማ የለም፣ እግራቸው ወለል ላይ ነው። ግራውን አየሁ፣ ቀኙን አየሁ። እኩል ናቸው።

ወጥቼ ማርታ ጋ ደወልሁ።

"ቆሙ?" አለችኝ፤ ሰላም እንኳ አላለችኝም።

ስልኩን ወደ ከበሮው አዞርሁት።