ዓይኗ የሚበላ ነርስ

ነርስነት ተምሬ እንደጨረስኩ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ኮልፌ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ሥራዬ ሕፃናትን መመዘን፣ መከተብ፣ ሳልና ተቅማጣቸውን ማከም፣ የባሰበትን ወደ ሆስፒታል መላክ ነበር። ሐኪም ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። በተረፈው ጊዜ እኔና አንድ ሸምገል ያሉ ድሬሰር ብቻ ነን። እሳቸው ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ትርፍ ጊዜያቸውን ደግሞ እኔን ሲታዘቡ ያሳልፋሉ።

ትምህርት ቤት ሳለን አንዲት ፈረንጅ መምህራችን፣ እናት ልጇን ስታመጣ አስቀድማችሁ ልጁን አድንቁላት፣ ልቧ ይከፈታል ይሉን ነበር። ለፈረንጅ እናት ይሠራ ይሆናል። እኛ ዘንድ የሰው ልጅ ያለ ትፍ ትፍ አይደነቅም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል። ይህን እኔም ከእናቴ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው የማይረሳው ነገር የለም።

አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት እናት የበኩር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ገና መቀመጥ አልጀመረም፣ ግን ክንዱ በክር የታሰረ ይመስል ድርብርብ ነው። ሚዛኑ ላይ ሳስተኛው ጠቋሚው ፈንጠር አለ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ውይ ሲያምር! እንዲህ ያለ ወፍራም ልጅ ኮልፌ ውስጥ አይቼ አላውቅም!» ብዬ ጮህኩ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት እናቶች በየነጠላቸው ልጆቻቸውን ሸፈኑ። ወጣቷ እናት ልጇን ራቁቱን ከሚዛኑ ላይ መንጭቃ ወጣች።

«ትፍ በይ እንጂ!» አሉኝ ድሬሰሩ።

እየሮጥኩ እስከ በሩ ተከተልኳትና ከኋላዋ፣ «ትፍ! ትፍ! ትፍ!» አልኩ። ዞር ስትል እየተፋች የምትከተላት ነርስ አይታ ሩጫዋን ጨመረች።

በማግስቱ አግዳሚው ባዶ ሆነ። ጥርሱን ያመመው አንድ ሽማግሌ ብቻ ተቀምጧል፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ድሬሰሩ ወሬውን ከሰፈር ይዘው መጡ። «ልጁን ተቅማጥና ትውከት አጣድፎታል። አንቺ ነሽ አሉ የበላሽው።»

ልሳቅ ብዬ ሳቁ አልመጣልኝም። በዚያ ዕድሜ ያለን ሕፃን ተቅማጥ በአንድ ቀን ሊያደርቀው ይችላል። ቤታቸው እንሂድ ብላቸው፣ «በዱላ ነው የሚቀበሉሽ» አሉኝ።

በዚህ መሀል አንዲት አሮጊት እያሳሉ ገቡ። ድሬሰሩ በጆሮዬ፣ የልጁ አያት እንደሆኑና ቅቤ እንደሚነግዱ ሹክ አሉኝ። እኔ ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ማዳመጫዬን ደረታቸው ላይ አደረግኩ። ደረታቸው ንጹሕ ነው፤ ልባቸው ግን የሌባ ልብ ነው፣ ይደልቃል። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳወርድ ከታች ጨርቅ ሲተረተር ሰማሁ። አሮጊቷ ከነጠላቸው ሥር ምላጭ አውጥተው የጋዎኔን ጠርዝ እየቆረጡ ነው!

እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ክር ወጥቶብሽ ነው፣ ልጄ።»

ነገሩ ገብቶኛል። ቡዳ ከተባለው ሰው ልብስ ቁራጭ ተወስዶ፣ እሳት ላይ ተደርጎ ለታመመው ይታጠናል። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ቡዳ ለመባል ነው? ግን ልጁ ትዝ አለኝ።

«ልጁ ሲያለቅስ እንባ ይወጣዋል?» አልኳቸው።

«ደርቋል» አሉና እሳቸው አለቀሱ።

«እንግዲያው ጨርቁን እሰጥዎታለሁ። ግን አብሬዎት እመጣለሁ።»

«አንቺማ ድርሽ አትዪም! ያጋመስሽውን ልትጨርሺው ነው?»

«ካልመጣሁ ጨርቅ የለም።»

የጋዎኔን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማማን፦ እኔ እገባለሁ፣ ዓይኔ ግን ልጁ ላይ እንዳያርፍ ፊቴን በድርብ ነጠላ እሸፍናለሁ፤ ጭሱም ከቤት ውጭ ይሆናል።

እንዲህ ሆኜ ነው ቤታቸው ገብቼ በሽተኛዬን የመረመርኩት፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኜ። በጣቴ አናቱን ዳሰስኩ፣ እርግብግቢቱ ጎድጉዷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ፈራሁ። ወደ ሆስፒታል እንውሰደው ብላቸው እናትና አያት በአንድ ድምፅ፣ «ከዚህ ቤት አይወጣም!» አሉኝ። ውኃ አስፈልቼ፣ ሲበርድ ስኳርና ቁንጥር ጨው በጥብጬ፣ ልጁን ጭኔ ላይ አስተኝቼ በማንኪያ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ። አላይማ! «አሁን ዋጠ?» እላለሁ። «ዋጠ» ትላለች እናቱ። አንዳንዴ ጆሮው ውስጥ አፈስበታለሁ።

ጥቂት እንደቆየን አያትየው፣ «ጨርቁ አነሰ፣ ጨምሪ» አሉ። እኔም ነጋዴ ሆንኩ። «ይህን ብርጭቆ ይጨርስ፣ እጨምራለሁ።» ልጁ አንድ ብርጭቆ ሲጨርስ ከጋዎኔ አንድ ቁራጭ ይሄዳል። እሳቸው ደጅ ያጨሳሉ፣ እኔ ውስጥ አጠጣለሁ። ጋዎኔ ወገቤ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ልጁ ግን አንዴ ያስመልሰዋል፣ አንዴ ይዝለፈለፋል፤ ከነጠላው ሥር አምላኬን እለምን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጭኔን ሞቀኝ።

«ሸና! ውኃው ደረሰለት!» ብዬ ጮህኩ። አያትየው እልልታቸውን ለቀቁት። እናቲቱ ነጠላውን ከፊቴ ላይ ገፈፈችና ልጁን ወደ እኔ ከፍ አድርጋ፣ «በቃ እይው፣ አንቺ እይው» አለችኝ። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ትክ ብሎ ያየኛል። አለቀስኩ።

በማግስቱ አግዳሚው ሞልቶ ጠበቀኝ። አያትየው መሀል ተቀምጠው ገድላቸውን ይተርካሉ። ያዳነው ስኳርና ጨው ነው ብዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት ድሬሰሩ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ቡዳማ ናት፣ አትጠራጠሩ» አሉ አያትየው ለእናቶቹ። «ግን የኛው ቡዳ ናት። የበላችውን ቁጭ ብላ ትመልሳለች።»

እናቶቹ ልጆቻቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ወደ ሚዛኑ ተሰለፉ።