ማይኩ ሳይጠፋ የቀረ ጠዋት

ኡይሶንግ በሚባል የገጠር ወረዳ ውስጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ከሚያለሙት መንደሮች በአንዷ፣ ቾን ብዮንግቴ የሚባል ሊቀመንበር ነበር። ስልሳን ያለፈ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት በመንደሩ አዳራሽ ጥግ ካለችው ጠባብ ክፍል ይገባና ማይኩን አብርቶ ይለፈልፋል። ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ወሬውን በየጓሮው ያደርሳሉ።

ወረርሽኙ ጎረቤት ከተማዋን ዴጉን ሲያምሳት አዛውንቶቹ ካርታ ሲጫወቱ የሚውሉበት አዳራሽ ተዘጋ። የሊቀመንበሩም ወሬ አንድ ብቻ ሆነ። "ጭምብል አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከቤት አትውጡ። አይዟችሁ፣ ምንም አንሆንም!"

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? አይዟችሁ ባዩ ራሱ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ልጁ ዴጉ ውስጥ የአምቡላንስ ሾፌር ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ ድው ይላል፣ ደረቱን ያፍነዋል። ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሊቀመንበሩ ፈራ ከተባለ ሰው ማንን ሊያምን ነው?

አንድ ጠዋት ለፍልፎ እንደጨረሰ ሚስቱ ማልሱን ሾርባ ይዛለት መጣች።

"ትናንትም ጦምህን አደርክ። ዛሬስ ቅመስ እንጂ።"

"አይወርድልኝም።"

"እንግዲያው ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ምን ልበል? ሊቀመንበሩ አበደ ልበል? ማልሱን፣ ፈርቻለሁ። ሲመሽ የምሞት ይመስለኛል። ሲነጋ ደግሞ እዚህ መጥቼ አይዟችሁ እላለሁ። ራሴን ጠላሁት።" ከዚያ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ማልሱን ልታባብለው ጎንበስ ስትል ቀዩን መብራት አየች። "ውይ አንተ ሰውዬ! ማይኩ አልጠፋም እኮ!"

በማግስቱ ብዮንግቴ ከቤቱ አልወጣም። ሥልጣኑን ሊለቅ ቆርጧል። ረፈድ ሲል የሰማንያ ዓመቷ ጎረቤቱ እማማ ቡንኒዮ፣ ጭምብላቸውን እንዳጠለቁ፣ ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ።

"አንተ ሊቀመንበር! ዛሬ ምነው ዝም አልከን?"

"በምን አፌ ልናገር፣ እማማ?"

"በትናንቱ ነዋ! ስማኝ ልጄ፣ እኔ ከግድግዳ ጋር ማውራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ልጆቼ ጃጀች ብለው የሆነ ቦታ እንዳይጥሉኝ ፈርቼ ዋጥ አደረግኩት። ትናንት ስታለቅስ ስሰማ፣ ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩና ለጥ ብዬ አደርኩ።"

"በኔ ለቅሶ ተኙ?"

"እንደ ሕፃን!"

ብዮንግቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ። ሳቁ ግን ዓይኑን በእንባ ሞላው። ወደዚያች ጠባብ ክፍል ሄዶ ማይኩን አበራ።

"ሊቀመንበራችሁ ነኝ። ማታም አልተኛሁም። ነገ ጠዋት የጭንቀት ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። እንደኔ የሆነ ካለ፣ መኪናዬ ላይ ቦታ አለ።"

ማንም አይመጣም ብሎ ነበር። ሲነጋ በሩን ቢከፍት፣ ሽማግሌውም ባልቴቱም ጭምብል አድርገው፣ ተራርቀው፣ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ተሰልፈዋል። ብዮንግቴ ያን ቀን ከመንደሩ ሐኪም ቤት ሰው ሲያመላልስ ዋለ።