የአባቴ በርጩማ

ቡሬ ውስጥ ግንበኛ ከትከሻው ድንጋይ ሲጥል ስሰማ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴን የገደለው ሰው እርቅ ለመጠየቅ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች «ልጄ፣ ስለ እግዜር ብለሽ ማሪው» ሲሏት፣ እናቴ የአባቴን በርጩማ አውጥታ ከሰውዬው ፊት አስቀመጠች።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? የሞተውን ጠይቁት።»

ውሻችን ተነስቶ ባዶው በርጩማ ሥር ተኛና ጭራውን ቆላ። ትልቁ ሽማግሌ ሰው እንደገባ ሁሉ ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። እናቴ ፊቷን ሸፈነች።

«አውርደው፤ ምሬሃለሁ» አለችው ሰውዬውን። ድንጋዩ ዱብ አለ።

ሰውዬው አሁንም አጨዳ ሊያግዘን ይመጣል። በርጩማው ላይ አይቀመጥም፤ መቀመጫው ያው ድንጋይ ነው። አንዳንዴ ግን ምሳውን አቋርጦ ብድግ ይላል። ማንም ሳይመጣ «ኖር» ይላል።