የዳሌዬ ብረትና የእናቴ ስለት

በዚያ ዓመት በባሕር ዳር ከተማ የእኔን ያህል አካሄዱን የሚያጠና ሰው የነበረ አይመስለኝም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስወጣ እንደ ማንኛውም የሃያ አራት ዓመት ወጣት ቀጥ ብዬ እራመዳለሁ። የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ከሩቅ ሲታየኝ ግን ማነከስ እጀምራለሁ። እያነከስሁ በራችን ድረስ እሄዳለሁ፤ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ለእናቴ ስል መልሼ ቀጥ እላለሁ። መንገድ ላይ ሳነክስ ካየችኝ «ድካም ነው» እላታለሁ።

እውነቱ ድኛለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የፋብሪካውን ጥጥ ከጫነ መኪና ላይ ወድቄ ዳሌዬን ተጎዳሁ፤ ሕመሙ እያደር ባሰና ሐኪሞች «የጭንህ አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሞቷል» አሉኝ። ሰው ሳይሞት አጥንቱ ቀድሞ ይሞታል እንዴ ብዬ ሐኪሞቹንም ተጠራጠርኋቸው። አራት ዓመት በምርኩዝ ሄድሁ። እናቴ ግን አንድም ቀን ተስፋ አልቆረጠችም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳ ዘፈዘፈችኝ፤ ሁለት ዐቢይ ጾም ሙሉ ጠበል አስጠመቀችኝ፤ በመጨረሻም በደቅ ደሴት ላለች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን «ልጄ ያለ ምርኩዝ ከሄደ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። በተሳለች በዓመቱ ፋብሪካው ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ላከኝ። እዚያ የሞተውን አጥንት ቆርጠው አወጡና በምትኩ ብረት ተከሉልኝ።

ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም። «ጅማቱን አስተካክለው ሰፉት» አልኋት። የዋሸኋት ከክፋት አይደለም። እናቴ እትብቴን ከጓሯችን ሎሚ ሥር በእጇ የቀበረች፣ ዘመድ በመጣ ቁጥርም ቦታውን የምታሳይ ሴት ናት። እንዲህ ላለች ሴት አጥንቴን ቆርጠው ጣሉት ብሎ መንገር አልሆነልኝም። ጠባሳዬን አገላብጣ አየችና «ይችማ ምን አላት፤ ዋናውን የሠራችው እመቤቴ ናት» አለች። ከዚያም የስለቱን ጃንጥላ በወርቅማ ክር ማስጌጥ ጀመረች።

ሐኪሞቹ ሲሸኙኝ «አትዝለል፣ ቁጢጥ አትበል፣ ከባድ ነገር አትሸከም፤ ግን ተቀምጠህ አትቅር። ተራመድ፣ ዋኝ፣ ብስክሌት ንዳ» ብለውኝ ነበር። ባሕር ዳር ለተወለደ ሰው ይህ ምርቃት ነው። ብስክሌቴን ሐይቁ አጠገብ ካለ የሥራ ባልደረባዬ ቤት አስቀምጬ ማለዳ ማለዳ በዋርካዎቹ ሥር እስከ ዓባይ ድልድይ እነዳ ነበር። መጀመሪያ ላይ ብረቱን ፈጽሞ አላምነውም። ሲንቋቋ የምሰማው እየመሰለኝ ጆሮዬን ወደ ዳሌዬ ዘንበል አደርጋለሁ፤ ብሎኑ ላልቶ መንገድ መካከል የሚዘረጋኝ ይመስለኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ረሳሁት። ነፋሱ ሸሚዜን ሲሞላው ብቻዬን እየሳቅሁ የምነዳበት ማለዳ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ታዲያ የዳነ ሰው ለምን ያነክሳል? ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ቀበሌዎች ወጣት እየመዘገቡ የሚልኩበት ጊዜ ስለነበረ ነው። በቀበሌያችን መዝገብ ከስሜ አጠገብ «አንካሳ» የሚል ቃል ተጽፏል። ያን ቃል በምርኩዜ ዘመን ሰው ቢጠራኝበት ለጠብ እነሣ ነበር፤ አሁን እንደ ክታብ የምጠብቀው እሱን ሆነ። ከውጭ ያመጣሁትን ወረቀት በአካባቢያችን የሚያነበው የለም፤ የሚያነብ ቢገኝም መጀመሪያ የሚያገኘው «ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል» የሚለውን ነው። ያን ያየ ሊቀ መንበር ቀሪውን አያነብም። አብሮት የመጣው የራጅ ፊልም ብረቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ዳሩ ግን ቀበሌ ጠዋት የታየ ነገር ለምሳ እናቴ ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ፊልሙን ፍራሼ ሥር ደብቄ ማነከሱን መረጥሁ።

ከዚያ በኋላ የሰው ፊት ማየት ተውሁ። የማየው ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ነው። እግሬን ያየ ሁሉ ጠላቴ ነው። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ደግሞ አጥር የሚያዋስኑንን ጎረቤታችንን ነበር፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ በዚያ ላይ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አባል ናቸው። ከሥራ ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«እግርህ እንዴት ነው፣ ልጄ?» ይሉኛል።

ደኅና ነው ብል ተያዝሁ። ያመኛል ብል እናቴ በመስኮት ትሰማለች። «ይመስገን፣ ጋሼ፤ እርስዎ ደኅና ነዎት?» ብዬ አልፋቸዋለሁ። በማግስቱም ያንኑ ይጠይቁኛል። የሚመዘግቡት ደብተር ያላቸው ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በበኩሏ የምትጠረጥረው እኔን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ወድቆ ሲሰግድ እኔ ቆሜ ራሴን ብቻ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ዳሌዬ እንደዚያ እንዳይታጠፍ ተከልክያለሁና።

«እነዚያ ሰዎች ምን አጠጥተው ላኩህ?» አለችኝ አንድ እሑድ። «ምርኩዝህን ላስጣለችህ እንዴት አትሰግድም?»

ሃይማኖቱን የካደ ካድሬ ሆኜ የተመለስሁ መስሏታል። ከዚያ ወዲህ የማላያት ሲመስላት ምግቤ ላይ ጠበል ትረጭበት ጀመር፤ ሽሮዬ እየቀጠነ ሲሄድ ነው የነቃሁት።

የእመቤታችን ክብረ በዓል ሲደርስ ጃንጥላዋን ይዛ በጀልባ ወደ ደቅ ተሻገረች። በደስታ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። ምን ተናግራ እንደመጣች አልጠየቅኋትም፤ ሐሳቤ ሁሉ ጎረቤታችን ላይ ነበር። እሷ በሌለችበት ሰሞን በአንዱ ማለዳ በሐይቁ ዳር በብስክሌቴ ስከንፍ፣ ዓሣ ከታንኳ የሚያወርዱ ሰዎች ዘንድ ጎረቤታችንን ቆመው አገኘኋቸው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓሣቸውን ማማረጥ ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ከእናቴ ጋር ቀበሌ እንድቀርብ ተጠራሁ። «አለቀልህ፤ ሽማግሌው ሸጡህ» አልሁ ለራሴ። ፊልሙን ከፍራሼ ሥር አውጥቼ ኮቴ ውስጥ ደበቅሁት። አውጥቼ እንዳላሳየው ግን መንገዱን ሙሉ እጸልይ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ኋላ፣ የቀበሌው ክሊኒክ ድሬሰር በቀኙ፣ ጎረቤታችን ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እንደዚያ ቀን አሳምሬ አነክሼ አላውቅም። ጎረቤታችን ወደ ጣራው አዩ።

«ጓድ፣ ድነሃል የሚል መረጃ ደርሶናል» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ከማን?» አልሁ ጎረቤታችን ላይ አፍጥጬ።

«ከእናትህ።»

ስለት ያገባ ሰው የተደረገለትን በሕዝብ ፊት ይመሰክራል። እናቴም ጃንጥላውን ካስረከበች በኋላ «ልጄ አንካሳ ነበር፤ ዛሬ እንደ ሚዳቋ ይሄዳል» ብላ ተናግራ እልልታውን አቅልጣዋለች። እልል ካሉት አንዷ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበረች። እኔ ስንት ወር አጥር አጥሩን ስጠራጠር፣ ወሬው ከእናቴ ጋር በአንድ ጀልባ ተሳፍሮ መጣ።

«እማማ፣ ልጅዎ ድኗል?» ሲል ሊቀ መንበሩ ጠየቃት።

«ድኗል እንጂ!» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። የተጠራችው ለእመቤቷ ደግማ ልትመሰክር መስሏት ነበር። «ካህናቱ ፊት የመሰከርሁትን እዚህ ልካደው? ድኗል!»

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አንሥቶ ከስሜ አጠገብ ያለውን ቃል ሰረዘ።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለች።

«የእናት አገር ጥሪ ነው፣ እማማ።»

እናቴ የተሰረዘውን ቃል አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ምስክርነቷን ብታጥፍ እመቤቷን መካድ ነው፤ ባታጥፍ ልጇን መስጠት ነው። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ከዚህ በላይ ማየት አልቻልሁም።

ፊልሙን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ከግራጫው አጥንቴ መካከል ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ትልቅ ሚስማር ይመስላል። ድሬሰሩ መነጽሩን አድርጎ ቀረበና «ይህ አጥንት አይደለም፣ ብረት ነው» አለ። «የራሱን ቆርጠው አውጥተውታል። መሄዱን ይሄዳል፤ ምሽግ ውስጥ ቢዘል ግን ይነቀላል።» ሊቀ መንበሩ አላመነም። ፊልሙን በጥፍሩ ፋቀው፤ አገላብጦ አየው። ከዚያ የሰረዘውን ቃል መልሶ ጻፈው።

ደጅ ስንወጣ ጎረቤታችን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አንድ ቀን በቀኝ፣ አንድ ቀን በግራ ታነክሳለህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌላ ሰው ሳይነቃብህ አንዱን እንድትይዝ ብዬ ነው፣ እግርህን ሁልጊዜ የምጠይቅህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ መጠየቅ እንኳ ከበደኝና እጅ ነሥቼ ሄድሁ።

እናቴ በዘንባባዎቹ ሥር ከጎኔ ትሄዳለች። እኔም አላነከስሁም። ስለቷን መና ያስቀረሁባት ስለመሰለኝ «እማ፣ ሐኪሞቹንም የላከቻቸው እመቤቴ ናት» አልኋት። እቤታችን ስንደርስ በሩን ሳትከፍት ወደ ጓሮ አለፈች፤ ተከተልኋት። ሎሚው ሥር ቆማ እጇን ዳሌዬ ላይ አሳረፈች።

«እትብትህ ይኸው እዚህ ነው፤ እኔ ቀብሬዋለሁ» አለች። «አጥንትህንሳ ማን ቀበረው?»

እዚያ ሆስፒታል ሦስት ወር ስተኛ፣ ይህን መጠየቅ አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም ነበር።