ያልተሰማው አሜን

በእኛ ቤት ድምፅን ዝቅ ማድረግ አክብሮት ነው። በትልቅ ሰው ፊት አይጮህም፤ አፍ በነጠላ ጫፍ ከለል ይደረግና በቀስታ ይወራል። አባቴን ከሰው የለየው ይኸው ጨዋነታችን ነው ብል ማን ያምነኛል?

ከአዲስ አበባ ወጥተን ቡራዩ ቤት ከሠራን ወዲህ የሰፈሩ እድር መራቂ አባቴ ነበር። ወርሃዊው ስብሰባ ሲያልቅ ተነሥቶ እጁን ይዘረጋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን ይላል። ጡረታ የወጣ ሰው እንደዚያ ሲፈለግ ደስ ይላል። ለዚያ ቀን የሚለብሳትን ጋቢ እንኳ ራሱ ነበር የሚያጥባት፤ እኛን አያምነንም።

ከዚያ አንድ ወር ቀረ፤ ቀጥሎም ቀረ። መጀመሪያ "አሞኛል" አለ፤ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። ቴሌቪዥኑን አስጩሆ ይከፍትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ምግብ ቀነሰ፣ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊቴን ሲያይ ቆየና "ከሰው ከወጣሁ ቆየሁ እኮ። አሁን መኖሬ ለማን ነው?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ትቼው መውጣት አስፈራኝ።

ዘመድ አዝማድ የየራሱን አለ፤ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው፣ ሌላው እርጅና ነው፣ ሦስተኛው ጠበል ውሰጂው። እኔን ያበገነኝ ግን ሌላ ነበር፤ ከአጥር ወዲያ ካሉት ጎረቤታችን ጋር ሲሆን ይስቃል! እሳቸው ዕድሜያቸውን ገፈርሳ አካባቢ ሲያርሱ የኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አቶ ለማለት "ኦቦ" የሚላቸው ሰው ናቸው። በሬ ሲጠሩበት የኖሩት ድምፅ እስካሁን አልወረደላቸውም። ጠዋት "አካም ቡልቴ!" ብለው እንዴት አደርክ ሲሉት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሣል። አባቴ "ነጋ!"፣ ሰላም ነው፣ ብሎ ይመልሳል፣ ፊቱም ይፈታል። እኛን አኩርፎ ለጎረቤት ይስቃል ብዬ ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል።

እድርተኛውም እንደ እኔ ነው የገባው፤ ሰውዬው ተቀይመዋል አለ። ስለዚህ በደንባችን የሚደረገውን አደረገ፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌ ላከ። ኦቦም አብረው መጡ። አንደኛው ሽማግሌ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በዚያ በለሰለሰ የሽምግልና ድምፅ ይቅርታ ለመኑ። አባቴ ጉልበቱን እያየ ዝም። ሌላውም ለመኑ፤ አሁንም ዝም። በር ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

የኦቦ ትዕግሥት አለቀ። "አንተ ሰውዬ! ማነው ያስቀየመህ?" ብለው ጮኹ።

አባቴ ቀና አለ። "እኔን? እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያኮረፋችሁኝ! ስመርቅ አሜን የሚለኝ ጠፋ። ምርቃቴን የማይፈልግ ሰው ፊት እጄን ዘርግቼ ልቁም?"

አሜን ያላለ አልነበረም። ሁሉም ብሏል፤ ግን በጨዋ ደንብ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀስታ። አባቴ አልሰማም እንጂ። ጆሮ ቀስ እያለ ሲደክም ለባለቤቱም አይነግረውም፤ ሰው ሁሉ ዝም ያለው ይመስለዋል። እኛም ቴሌቪዥኑ ጮኸ እያልን ስንቀንስበት፣ ለምን እንደሚያስጮኸው አልጠየቅንም።

ከተማ ወስጄ አሳየሁት። የጆሮ ሐኪሟ "ሰው መስማት ሲያቅተው ከጨዋታ ይሸሻል፤ ከጨዋታ ሲሸሽ ሐሳብ ይበላዋል" አለችኝ። የመስሚያ መሣሪያ ተደረገለት። መጀመሪያ ጠላው፤ የቧንቧው ውሃ ሳይቀር ጮኸብኝ አለ፣ በኮፍያም ይሸፍነው ነበር። ሐዘኑም በአንድ ጊዜ አልለቀቀውም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚያረፍድባቸው ቀናት ነበሩ።

አንድ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ግን ጋቢውን አጥቦ ሄደ። እኔም ተከተልሁት። ሲያልቅ ተነሣና እጁን ዘረጋ። "ክፉ አይንካችሁ" አለ።

"አሜን" አለ ሰዉ።

አባቴ አቋረጠ። እጁ እንደተዘረጋ ነው። ምርቃቱ የጠፋበት መሰለኝ።

"እስቲ ድገሙልኝ" አለ።

እኔ ልጁ፣ በዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው መሃል፣ ከኦቦ በላይ ጮኼ አሜን አልሁ።