«ምነው ከሳህ?» ያልኩት ጓደኛዬ

ዛሬ ሙሉጌታ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ኦክስጅን ተሰክቶለት፣ «መራመዱን ያስተውከኝ እኮ አንተ ነህ» አለኝ።

ሙሌ አብነት ሰፈር ሶፋ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ስኳሩ፣ ግፊቱና ቦርጩ ተባብረው ልቡን ስላደከሙት ሐኪሙ «ክብደት ቀንስ፣ በየቀኑ በእግርህ ሂድ» ብሎት ነበር።

ሄደ። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሜክሲኮ ደርሶ ይመለስ ነበር። ቦርጩ ጠፋ፤ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩም ቀረለት።

እኔ ደግሞ በቀልድ የሚስተካከለኝ በሰፈሩ የለም። ሰው በተሰበሰበበት «ሙሌ፣ ምነው ከሳህ? ሚስትህ ምግብ ከለከለችህ ወይስ የደበቅከን በሽታ አለ?» አልኩት። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ያገኘው ሁሉ «ምን ነካህ?» ይለው ጀመር። አፈረና መራመዱን ተወ። መልሶ ሲወፍር «አሁን አማረብህ፣ ተመችቶሃል» አልነው።

ዛሬ ሐኪሙ ልቡ ደም መግፋት እያቃተው እንደሆነ ለሚስቱ ሲነግራት ቆሜ ሰማሁ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን ሰው ይደግፈዋል።

ይሄን የጻፍኩት ማንም ሳያግዘኝ ነው። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ረጅሙ ጽሑፌ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን እጎርርበት ነበር።

እናንተስ፣ ስትከሱ ሰው ምን አላችሁ? ጻፉልኝ። ሙሌ ሊያየኝ ከፈቀደ መልሳችሁን ነገ አነብለታለሁ።