አያንቱ ከተናገረችው ግማሹ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችው ባለቤቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ሰው መቀየሜን፣ ትንሽ ትንሹን ሁሉ ስዘከዝክ ኖሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። አሁን ሰባን አልፌያለሁ። ለማላውቅህ ለአንተ ለአንባቢዬ የምናገረው ፊትህን ስለማላይ ነው። ድፍረት እንዳይመስልህ። ዕድሜዬን በሙሉ ከሰው ጀርባ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም ያው ነበር።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ከአዳራሹ በስተኋላ፣ በእንጨት ደረጃ የሚወጣባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። የናዝሬት ሙቀትና የማሽኑ ሙቀት ተደራርበው ሸሚዜን ያስወልቁኝ ነበር። በግድግዳው ቀዳዳ የማየው የተመልካቹን ማጅራትና ሸራውን ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያላገባሁ፣ ከምንጃር የመጣሁ፣ በራሴ የምኮራ ሰው።

አብዮቱ ሲፋፋም ከማሽኑ ሌላ አንድ ሥራ ተጨመረልኝ። ፊልም ውስጥ ወንድና ሴት ሲሳሳሙ ሕዝቡ እንዳያይ ይደረግ የሚል ትእዛዝ ከቀበሌያችን መጣ። የበሰበሰ የቡርዧ ባህል ነው፣ ወጣቱን ያበላሻል ተባለ። ፊልሙን መቁረጥ አልችልም፤ የእኛ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛ ጋ ሰንብቶ ወደ ድሬዳዋ ያልፋል። ስለዚህ የብስኩት ካርቶን ቀደድኩና መሳሳሙ ሲደርስ ሌንሱ ፊት እደቅነው ጀመር። አዳራሹ ድቅድቅ ይላል፣ ሙዚቃው ብቻ ይሰማል። ተመልካቹ "ሌባ! አንሳው!" እያለ ያፏጫል። የቱ ጋ እንደሚሳሳሙ አስቀድሜ ለማወቅ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ ፊልሙን ለብቻዬ አየዋለሁ። በከተማው የተሸፈነውን ሁሉ ያየሁ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። አልዋሽህም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አያንቱ ትኬት ቆራጫችን ነበረች። የወለንጪቲ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ናዝሬት ቤት ተከራይታ የምትኖር። ትኬቷን ሸጣ ስትጨርስ ከኋላ ቆማ ፊልሙን ታያለች፤ ሲያልቅ ደግሞ አስተያየት አላት። እኛ ማን ማንን እንደጣለ ስናወራ እሷ ሌላ ነገር ታነሳለች። የህንድ ፊልም ታይቶ ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ሲወጣ፣ "ዛፍ እየዞረ ይዘፍንላታል፣ ትወጂኛለሽ ወይ ብሎ ግን አንዴም አልጠየቃት" ትላለች። የሶቪየቱን አይታ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ከልጅቷ ይልቅ ትራክተሩን ነው የሚወደው" ብላ ሳቄን እያፈንኩ ወደ ክፍሌ አስሮጣኛለች። እወዳት ነበር ማለት ነው? እንጃ። ስትመጣ ሸሚዜን እለብስ ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ደረጃውን ወጥታ በሬ ላይ ቆመች።

"እስቲ ዛሬ እኔም ልየው። ሁልጊዜ የምትሸፍነው ምን እንደሆነ ልወቀው" አለችኝ።

ክው አልኩ። አባቴ እናቴን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ እኛ ቤት ባልና ሚስት ሰው ፊት ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር። ያላገባች ልጅ ይህን በገዛ አፏ ትጠይቃለች? እምቢ ማለት አቃተኝ። ማሽኑን አስነሳሁና ከጎኔ ቆመች።

የጣሊያን የጦርነት ፊልም ነበር። ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወታደሩ ባሏ የሞተባትን ሴት በሩ ላይ ያገኛታል፣ ይሳሳማሉ። ምራቅ ውጠህ ሳትጨርስ ያልቃል።

"በቃ? ይኸው ነው?" አለች።

"ይኸው ነው።"

ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ሰው ሲሳሳም ትሸፍናለህ፣ ሰው ሲገዳደል ክፍት ትተወዋለህ። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ መንገድ ዳር አንድ ልጅ ተጋድሞ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት አየሁ። እሱን ማንም አልሸፈነውም። ወዶ የሚሳሳም ሰው ማንን ጎዳ? መሸፈን የነበረበት የቱ ነው?"

ያኔ እንዲህ ያለ ነገር እናት ለልጇም አትናገረውም። በየማለዳው ሬሳ እያየን፣ እንዳላየ አንገታችንን አቀርቅረን የምናልፍበት ሰሞን ነበር። ደንግጬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። እዚህ ላይ ግን ስለ ድንጋጤዬ እውነቱን ልንገርህ፤ ስለሞተው ልጅ የተናገረችው አይደለም ውስጤ የቀረው። "ወዶ የሚሳሳም ሰው ማንን ጎዳ" ያለችው ነው። እንዲህ የምትል ሴት እንዴት ያለች ሴት ናት ብዬ አሰብኩ። መልሱንም እኔው ሰጠሁ። ብቻችንን ነን፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ይህን ያህል ደፍራ የምታወራው ለእኔ ብላ ነው አልኩ። እጇን ይዤ ወደ እኔ ሳብኳት።

እጇን አስለቀቀችኝ። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። በጣም የተገረመች ነበር የምትመስለው። "ስለ መሳም ማውራትና አንተን መሳም አንድ ነው እንዴ?" ብላ ደረጃውን ወረደች።

እሁድ ሂስና ግለሂስ ነበረን። ይህን ያላየህ ከሆነ ላስረዳህ። በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ ሠራተኛው አዳራሹ ውስጥ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የራሱን ጥፋት ይናገራል፣ ቀጥሎ የሌላውን። የሚነቅፈው የሌለው ሰው አድርባይ ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም ዘዴ ነበረን፤ ሁለት ሁለት ሆነን ቀደም ብለን እንስማማለን። አንተ ማርፈዴን ተናገር፣ እኔ ጋዜጣ አለማንበብህን እናገራለሁ እንባባላለን። ማንም አይጎዳም፣ ቃለ ጉባኤውም ይሞላል። የእኔ ጥንድ አያንቱ ነበረች። እሷ ማሽን ክፍል ውስጥ ሲጋራ ማጨሴን ትናገራለች፣ እኔ ደግሞ ትኬት መሸጫውን ዘግይታ መክፈቷን። ብዙ ወር እንዲሁ ሠርተንበታል።

ያን እሁድ ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት። ዓርብ ያደረግኩትን ብትናገር ማን ይፈርድባታል? ሰው ሁሉ ፊት ልታዋርደኝ ነው ብዬ አቀረቀርኩ። እሷ ግን፣ "ጓድ የማሽን ክፍሉ ሠራተኛ ሲጋራ ማጨሱን አልተወም፣ እንዲታረም እሄሰዋለሁ" ብላ ተቀመጠች። እንደ ውላችን። ዞር ብላም አላየችኝም።

አየህ? ሸፈነችኝ።

ስብሰባውን የሚመራው ሊቀመንበር "ቀጥሎ፣ ሂስ ያለው?" አለ። ተነሳሁ። ማርፈዷን ልናገር ነበር የተነሳሁት፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ከዚያ "አንድ ነው እንዴ?" ያለችኝ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። እንዲህ አልኩ፦ "ጓድ አያንቱ የተከለከለውን የፊልም ክፍል ካላሳየኸኝ ብላ ማሽን ክፍል ድረስ መጥታለች። መሳሳም ነውር አይደለም የሚል አመለካከትም አላት።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። እኔ ነኝ።

ወንዶቹ ሳቁ። ጽዳት ሠራተኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላ አንዱ "ለምን እኔ ጋ አልመጣችም?" አለና ሳቁ ባሰ። ስለ ሬሳው ያለችውን አልተናገርኩም። ለብዙ ዓመት ይህንን ለራሴ እንደ ውለታ ስቆጥር ኖርኩ፤ የፖለቲካውን ብናገር ይገድሏታል፣ ቀላሉን መረጥኩላት፣ ለሕይወቷ ሳሳሁላት እያልኩ። ውሸት ነው። የዘለልኩት፣ ዓርብ የሰማኸውን እስከ እሁድ ለምን ደበቅክ ብለው እኔኑ እንዳይዙኝ ነው። ስሟን ግን ለሳቅ ሰጠሁ፣ ምክንያቱም እምቢ ብላኛለች። እምቢ ያለችኝን ሴት ባለጌ ማስባል ፈለግኩ። ከዚህ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

"እውነት ነው ጓድ?" አላት ሊቀመንበሩ፣ እሱም እየሳቀ።

አያንቱ ተነሳች። አልተናገርኩም ብትል ኖሮ ምስክር አልነበረኝም፤ ዝም ብትልም ሳቁ ያልፍ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ።

"ግማሹን ነው የነገራችሁ" አለች።

ከዚያ ቀሪውን ራሷ ተናገረችው። ስለ ልጁ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ማንም እንዳልሸፈነው። "መሸፈን የነበረበት የቱ ነው፣ ነው ያልኩት፤ አሁንም እላለሁ" ብላ ተቀመጠች። የሚስቅ ጠፋ። ለምን ተናገረችው? ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም እደነግጣለሁ። በእኔ ግማሽ ከመኖር በራሷ ሙሉ መታሰር ሳይሻላት አልቀረም። ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት መጥተው ይዘዋት ሲሄዱ የትኬት መሸጫውን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ዘጠኝ ወር ታሰረች። ጥፋቴ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

በሳምንቱ እናቷ ከወለንጪቲ መጡ፣ የገብስ ጩኮ በቅቤ አሽተው በአገልግል ይዘው። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አገኙኝ። "አካም ቡልቴ ልጄ" ብለው ሰላም አሉኝ። "አብረሃት የምትሠራ አንተ ነህ አሉኝ። እኔን ከበር ይመልሱኛል፣ አንተን ያውቁሃል። አድርስልኝ።" እሺ እማማ አልኩ። ምን ልበል? ወሰድኩት። እስር ቤቱ በር ላይ ምግብ ያመጣ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፣ መርዝ እንዳይኖረው ተብሎ ነው። ጠባቂው አገልግሉን ከፍቶ "ቅመስ" አለኝ። የእናቷን ጩኮ ቆርሼ በላሁ። ቆሜ፣ አላምጬ፣ ዋጥኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠባቂው፣ "ማነው የሚያመጣው ብላ ጠየቀችኝ፣ አንተ መሆንህን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ለሌሎቹ እስረኞች ነው የምትሰጠው፣ አትቀምሰውም" አለኝ። እናቷ ውጪ ቆመው ይጠብቁኛል።

"በላችልኝ?"

"በልታለች እማማ።"

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ መረቁኝ። እንዳንተ ያለ ወንድም ስለሰጣት ዋቃ ይመስገን አሉ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ያን ቀን ምነው ባልሰማሁ ብያለሁ። በየሳምንቱ መጡ፣ በየሳምንቱ መረቁኝ፣ እኔም በየሳምንቱ አሜን አልኩ።

አያንቱ የተፈታችው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ወደ ሥራዋ አልመለሷትም። ሁሩታ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ነው ሲባል ሰማሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው አዳራሹ ሲገባ በቀዳዳዬ እያየሁ ሳለ፣ ከአዲሷ ትኬት ቆራጭ እንደማንኛውም ሰው ትኬት ገዝታ ገባች። ፀጉሯን ተላጭታ ሻሽ አስራ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ተቀመጠች። ወደ ላይ፣ ወደ እኔ፣ አላየችም።

ፊልሙ ያው የጣሊያኑ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ መጥቷል። መሳሳሙ ሲቃረብ ካርቶኑን አነሳሁ። ሊቀመንበሩ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ አረጋግጫለሁ። የአብዮት ጥበቃም አልነበረም። ምራቅ ውጠህ ሳትጨርስ የሚያልቅ ነገር ነው። አንዴ ብተወው ማን ያያል? አንዴ፣ ለእሷ ብዬ? ወታደሩ በሩ ላይ ደረሰ።

ሸፈንኩት።

አዳራሹ ጨለመ። "ሌባ! ሌባ!" አሉ። ካርቶኑን ሳነሳ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ዳግመኛ አላየኋትም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ለመጠየቅም ወኔ አላገኘሁም።

ዘመኑ ነው እንዳልል፣ ያን ቅዳሜ የሚያስፈራኝ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ወጣት ነበርኩ እንዳልል፣ እሷ በሦስት ዓመት ታንሰኝ ነበር። ይቅር በለኝ ብዬም አልለምንህም፤ አንተ አልታሰርክም፣ ጩኮህንም አልበላሁብህም። አያንቱ ግማሹን ነው የነገራችሁ ብላ ነበር። ይኸው ሙሉው።